የግብሩን ደረሰኝ የምንጠይቃችሁ ለምንድን ነው?

ውድ የአገር ቤት ወገኖቼ፣ ቤታችንን በውክልና የምታከራዩልን፣ ተከራይ የምታፈላልጉልን፣ ወረዳ ተሰልፋችሁ ግብር የምትከፍሉልን ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ከአሜሪካ ደውለን የኪራይ ውሉን ቅጂና የግብሩን ደረሰኝ ስንጠይቅ «አላመኑንም» የሚል ቅሬታ ይሰማል። ቅሬታው ይገባኛል፤ ያለ ክፍያ ሲሮጥ የከረመ ሰው ማስረጃ አምጣ ሲባል ይከፋዋል። ጥያቄው ግን ከመተማመን ጋር አይገናኝም። የአሜሪካ ሕግ ዜጋውም ሆነ ግሪን ካርድ ያለው ነዋሪ በየትኛውም አገር ያገኘውን ገቢ በየዓመቱ ለአገሪቱ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ኢትዮጵያም በምድሯ ካለ ቤት የሚገኘውን ኪራይ፣ ባለቤቱ የትም ይኑር የት፣ ግብር ታስከፍልበታለች። ስለዚህ አዲስ አበባ፣ አያት ወይም ገርጂ ያለ የአንድ ቤት ኪራይ ሁለት መንግሥታት ዘንድ ይቀርባል።

በሁለቱ አገሮች መካከል ተደራራቢ የገቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት የለም። ያም ሆኖ የአሜሪካ ሕግ ለኢትዮጵያ የተከፈለውን የገቢ ግብር በቅጽ 1116 አማካይነት፣ በዚያው ገቢ ላይ ከሚመጣው የራሱ ግብር እንድናቀናንስ ይፈቅዳል። በቁጥር ላሳይ። ወጪው ተቀንሶ የዓመቱ ኪራይ 4,000 ዶላር ይሁን፤ ባለቤቷ በአሜሪካ የ22 በመቶ ግብር ከፋይ ነች እንበል። ከዚህ ኪራይ 880 ዶላር ይፈለግባታል። አዲስ አበባ ላይ 1,000 ዶላር የሚሆን ብር በሕጉ መሠረት ተከፍሎ ደረሰኙ እጇ ከገባ፣ አሜሪካ በዚህ ገቢ ላይ የምትጠይቃት የለም፤ የተረፈውም 120 ዶላር ለሌላ ዓመት ሊተላለፍ ይችላል። ውሉ ላይ ኪራዩ ዝቅ ተደርጎ ተጽፎ የተከፈለው 200 ብቻ ከሆነ ግን ቀሪውን 680 ዶላር ለአይአርኤስ ትከፍላለች። ወረዳው ላይ «አተረፍንልሽ» የተባለው ገንዘብ ለአገራችን መንገድና ትምህርት ቤት ሊውል ሲችል ወደ ዋሽንግተን ግምጃ ቤት ገባ። ለማንም ያልጠቀመ ድካም ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

«ብሩ ከኢትዮጵያ ካልወጣ አሜሪካ በምን ያውቃል?» የሚል አለ። ሕጉ የሚጠይቀው ገንዘቡ መገኘቱን እንጂ መሻገሩን አይደለም። የግብር ቅጹ ራሱ የውጭ አገር የባንክ ሒሳብ አለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ የሚፈረመው የሐሰት ቃል የሚያስጠይቅ መሆኑ ታውቆ ነው። በውጭ ያሉ ሒሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባል ሌላ ማሳወቂያ ይከተላል፤ በእናታችን ስም ተከፍቶ እኛ የምንፈርምበት ሒሳብም ይቆጠራል። ባለማወቅ መቅረት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከሮማኒያዊው አሜሪካዊ አሌክሳንድሩ ቢትነር መዝገብ ይታያል። የአምስት ዓመት ማሳወቂያ በጊዜው ስላላቀረበ፣ ቅጣቱ በ272 የሒሳብ ሪፖርቶች ተባዝቶ 2.72 ሚሊዮን ዶላር ተወሰነበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ቅጣቱ በሒሳብ ሳይሆን በዓመታዊ ማሳወቂያ ይቆጠር ብሎ ወደ 50,000 አወረደለት። ቀለለ የተባለው ቅጣት እንኳ የብዙዎቻችን የዓመት ደመወዝ ነው።

ደረሰኙ ሲላክ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ብዙ ይወስናሉ። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የአሜሪካ የግብር ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። የዓመቱ ጠቅላላ ድምር ብቻ ከመጣ የትኛው ወር በየትኛው ዓመት እንደሚገባ አይለይም። «ሐምሌ 2017» የሚል ማኅተም ያየ የአሜሪካ ሒሳብ ሠራተኛም የስምንት ዓመት አሮጌ ወረቀት ይመስለዋል። የምንዛሬው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሰኔ የተቀበላችሁት ኪራይና መስከረም የተቀበላችሁት፣ የብሩ ልክ አንድ ቢሆንም፣ በዶላር እኩል አይደሉም። ስለዚህ ኪራዩ በየወሩ በባንክ ይግባ፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ስለሚያዝ፣ የባንኩ መግለጫ ለሁለቱም አገር ማስረጃ ይሆናል።

«ኪራዩን የሚበሉት አባትና እናት ናቸው፤ ልጁ ሳንቲም አላየም» የሚለው መከራከሪያ ከሁሉም ይከብደኛል፤ እውነት ነውና። ሕጉ ግን ካርታው ላይ የማን ስም እንዳለ ይመለከታል። ኪራዩ ለወላጆች የተሰጠ ስጦታ ሆኖ ቢቆጠር እንኳ መጀመሪያ የልጁ ገቢ ነው። ቤቱ በእርግጥ የወላጆች እንዲሆን ከተፈለገ፣ ባለሙያ ተጠይቆ ስሙ በሕግ ይዛወር። ያለፈውን ደግሞ ማስተካከል ይቻላል፤ ሳያውቅ ሳያሳውቅ ለቆየ ሰው አይአርኤስ ያዘጋጀው መንገድ የሦስት ዓመት የግብር ቅጽና የስድስት ዓመት ኤፍባር ይጠይቃል። የስድስት ዓመት የባንክ መግለጫና የሦስት ዓመት የግብር ደረሰኝ ያለው እናንተ ዘንድ፣ ከሌለም ቅጂው በየወረዳውና በየባንኩ ቅርንጫፍ ነው፤ እኛ ከዚህ ሆነን ልናወጣው አንችልም።