ለብቻ መሰንበት

«ለብቻው የሮጠ የሚቀድመው የለም» ይባላል። ይሁን እንጂ ለብቻ ሮጦም መሸነፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት በጀመረው «ለብቻ» በተሰኘው ውድድር፣ 10 ሰዎች በካናዳ፣ በቫንኩቨር ደሴት ጫካ ተራርቀው ሰፈሩ። እያንዳንዳቸው 10 መሣሪያ መርጠው ያዙ፤ ለክፉ ቀንም የሳተላይት ስልክ ተሰጣቸው። ዘጠኙ እየተጣሩ ሲወጡ፣ 56 ቀን የሰነበተው አንዱ 500,000 ዶላር ተሸለመ።

ከእነዚህ መካከል ጀግናው ማን ይመስላችኋል? ብዙዎቻችሁ «የመጨረሻው» ትሉ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን ስልኩን አንሥቶ «ውሰዱኝ» ያለውም ሊናቅ አይገባውም። በሦስተኛው ዙር፣ በፓታጎኒያ፣ አንዲት ተወዳዳሪ 86 ቀን ከታገሠች በኋላ ሰውነቷ ከመጠን በላይ በመክሳቱ በሐኪሞች ውሳኔ ወጣች። ፈቃዷ ጽኑ ነበር፤ ሥጋዋ ግን አልቻለም። ስለዚህ ጽናት የአቅምን ልክ ከማወቅ ጋር ካልተጣመረ ራስን ይጎዳል።

ደግሞስ አሸናፊው በእርግጥ ብቻውን ነበርን? እሳት ማንደድንና ዓሣ ማጥመድን ያስተማረው ሰው ነው። እንግዲህ እናንተም ትምህርት ወይም ኑሮ ሲከብዳችሁ «አግዙኝ» ማለትን አትፈሩ፤ እርዳታ መጠየቅ ከአስተዋይነት እንጂ ከፈሪነት አይቆጠርም።