«አንቺ አትድከሚ»

የሴቶችን የመምረጥ መብት የተቃወሙት ወንዶች ብቻ ይመስሉን ይሆናል። እንግሊዝ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1908 ይህንኑ መብት የሚቃወም የሴቶች ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዷ ታዋቂዋ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሜሪ ዋርድ ናት፤ ሴቶች ከፍተኛ ትምህርት እንዲያገኙ የለፋች፣ ለድሃ ልጆች መጫወቻ የከፈተች ሴት።

ታዲያ ምን ነካት? ትምህርት ቤትና የድሆች እርዳታ የሚታይበት የአካባቢ ምክር ቤት ለሴት ይገባል፤ ጦር ሠራዊትና የውጭ ጉዳይ የሚወሰንበት ፓርላማ ግን የወንድ ነው ባይ ነበረች። ሌሎችም ባልና ሚስት በፖለቲካ ከተለያዩ ትዳር ይናጋል ብለው ሰጉ።

የሚገርመው፣ ሴት ከፓርላማ ፖለቲካ ትራቅ የምትለው ሜሪ ራሷ መድረክ ላይ ወጥታ ሕዝብ ታሳምን ነበር። በ1918 ከ30 ዓመት በላይ የሆኑ ብዙ ሴቶች፣ በ1928 ደግሞ ሁሉም ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት አገኙ። ትዳርም አልጠፋም።

ያ ስጋት ዛሬም በየቤታችን አለ፤ «አንቺ አትድከሚ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» እያለ በፍቅር ቋንቋ ይመጣል። የባንክ ብድሩ ሲፈረም፣ የልጆች ትምህርት ቤት ሲመረጥ ማን ተጠየቀ? እስቲ ዛሬ ማታ ቡናው ላይ ተጠያየቁ።