ድሬ ተቀምጬ ስለ በረዶ የሰጠሁት መልስ

በዚህ ወር ስለ ልጆች የቤት ሥራ ልጽፍ አስቤ ነበር። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በላይ ሲከነክነኝ የቆየ ጉዳይ ስላለ እሱን አስቀድሜአለሁ። ጉዳዩ ስለ በረዶ ነው። በግንቦት ሙቀት አስፋልቱ በሚፍለቀለቅባት ድሬዳዋ ተቀምጦ ስለ በረዶ የሚጽፍ ሰው ምን ነካው ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ታይዋንን የማታውቁ ካላችሁ፣ በከተማችን የታወቀ ገበያ ነው። ጨርቁ፣ ሽቶው፣ ሰዓቱ፣ ስልኩ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ስሙ ራሱ ከሩቅ ደሴት የመጣ ነው። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሱቆች ከቀትር ዕረፍት ተመልሰው ሲከፈቱ፣ ለባለቤቴ ሻርፕ ልገዛ ሺቲና ሽቶ ከሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ጎራ አልኩ። የመጨረሻ ልጃቸውን በመድረሳ ቁርኣን፣ በትምህርት ቤት ደግሞ ሒሳብ አስተምሬዋለሁና «ኡስታዝ» ይሉኛል። (የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም። እሳቸው «አንተ» ይሉኛል፤ እኔም ፊት ለፊት «አዴ፣ አንቺ» ነው የምላቸው። በጽሑፍ ግን እጄ እምቢ ስላለኝ አንቱ ብያቸዋለሁ።)

«ኡስታዝ፣ አንተ የተማርክ ነህና ንገረኝ» አሉኝ ሻርፑን እየጠቀለሉ። «ስኪ የሚሉት ነገር ምንድን ነው?»

ትልቁ ልጃቸው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ነው የሚኖረው። የአሥራ አራት ዓመት ሴት ልጅ አለችው። የክፍል ጓደኞቿ ብርዱ ሲገባ በአካባቢያቸው ካለ የስኪ ክለብ ይመዘገባሉ፤ እሷም አብሬ ካልገባሁ አለች። አባትየው «ይህ የእኛ ነገር አይደለም» ብሎ ከለከለ። ልጅቱ አለቀሰች። እናትየው ነገሩ ሲከርባት «አያቷ ይፍረዱ» አለች። እንግዲህ ፍርዱ ከሚኒያፖሊስ ተነሥቶ ታይዋን፣ ከታይዋንም እኔ ዘንድ ደረሰ ማለት ነው።

እኔስ ምን አልኩ? በቴሌቪዥን አንድ ጊዜ ያየሁት ትዝ አለኝ፤ ሰው ከተራራ አናት እንደ ድንጋይ ሲወረወር። ወዲያው «አዴ፣ ይህ አጥንት የሚሰባበርበት የሀብታም ጨዋታ ነው። ለሴት ልጅ ቀርቶ ለወንድም አይመከርም። ትምህርቷንና ቁርኣኗን ትያዝ» አልኩ። አዴ ረክተው ሻርፑን በቅናሽ ሰጡኝ። ያን ዕለት ማታ በኢሞ ደውለው «ኡስታዙ አይሆንም ብሏል» አሉ። ክርክሩ በዚያው አበቃ፤ ልጅቱም ያን ዓመት ሳትሄድ ቀረች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለተማሪዎቼ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር አዘጋጅቼ ነበር። «ኢትዮጵያ ተሳትፋ የማታውቅበት ኦሊምፒክ የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። የምጠብቀው መልስ «የክረምት ኦሊምፒክ» የሚል ነበር። ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ ተነሥቶ «መምህር፣ ጥያቄው ስሕተት ነው፤ ሮቤል አለ» አለ። ክፍሉ ሳቀበት፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ባጣራ ግን ልጁ ትክክል ነበር።

ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ተወለደ፤ ገና ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ። የተማረው የክረምት ኦሊምፒክን ሁለት ጊዜ ባስተናገደችው በሌክ ፕላሲድ ነውና ስኪ የለመደውም እዚያው ነው። በየካቲት 1998 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2006) ጣሊያን፣ ቱሪን ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ገባ። የሀገሪቱ ብቸኛ ተወዳዳሪ እሱ ነበር። በ15 ኪሎ ሜትር ውድድር 83ኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ በካናዳ ቫንኩቨር ተመልሶ 93ኛ ሆነ። ለዝግጅቱ ወደ ሀገር ቤት ሲመጣ በረዶ ከየት ያመጣል? ባለጎማ ስኪ አድርጎ በአስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። ያንን መንገድ ላይ ያየ ገበሬ ምን ብሎ ይሆን?

እኔ በዚያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የድሬ ሰው ግን ከ1998 የሚያስታውሰው ቱሪንን አይደለም፤ በዚያው ዓመት ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰውን ጎርፍ ነው። ለእኛ ክረምት ማለት ያ ነው፤ ውኃ ነው። የእነሱ ክረምት ግን የሚገባው እኛ በጋ በምንለው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። በረዶ የምንለውም ቆርቆሮ የሚደበድበውን ጠጠር ሲሆን የእነሱ ግን እንደ ተነፋ ዱቄት በዝምታ ወርዶ ለወራት መሬት ላይ የሚተኛ ነው። ሁለት ሰዎች «ክረምት» እና «በረዶ» እየተባባሉ ፈጽሞ ላይግባቡ ይችላሉ።

የእኔም ስሕተት ከዚሁ ቤት ነው። ስኪ አንድ አይደለም። ከተራራ ቁልቁል የሚወረድበት ዓይነት አለ፤ በቴሌቪዥን ያየሁት እሱን ነበር። ልጅቱ የፈለገችው ሌላውን፣ አገር አቋራጩን ነው። አገር አቋራጭ! ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006 በተከታታይ በረዥሙም በአጭሩም ርቀት ያሸነፈበትን ሩጫ የምንጠራበት ስም ነው። ይኸኛውም ስኪ የትንፋሽ ሥራ ነው፤ ዳገቱን በገዛ እግር መውጣት አለ፣ ሜዳውን መግፋት አለ፣ ቁልቁለቱም አለ። የልብና የሳንባ አቅም ሲለካ ከፍተኛውን ውጤት ከሚያስመዘግቡት ስፖርተኞች መካከል እነዚህ ሰዎች ይገኙበታል።

አሠራሩን ሳጠና የሒሳብ መምህርነቴ ተቀሰቀሰና እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ስኪው ቀጭንና ረጅም ነው። ጫማው የሚታሰረው በጣቶቹ በኩል ብቻ ሲሆን ተረከዙ ነፃ ነው፤ ስለዚህ እግር እንደ መራመድ ይነሣል። ሳንቃው መሀሉ ላይ እንደ ድልድይ ጎበጥ ያለ ነው። በዚያ ጉብታ ሥር የሚያጣብቅ ሰም ይቀባል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ደግሞ የሚያንሸራትት ሰም በካውያ ይተኮሳል። ሙሉ ክብደትህን በአንድ እግር ስትጥል ጉብታው ተጭኖ በረዶውን ይይዛል፤ ተደግፈህ ትገፋለህ። ክብደትህን ስታነሣ ጉብታው ይመለስና ትንሸራተታለህ። መያዝና መልቀቅ፣ መያዝና መልቀቅ። ሰሙ እንደ ዕለቱ ብርድ ዓይነት ይለያያል፤ የተሳሳተ ሰም የቀባ ልጅ ወይ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ወይ በረዶ ከእግሩ ተለጥፎ ይቆማል። ሌላም ስልት አለ፤ ስኪውን እንደ ተከፈተ መቀስ አድርጎ ወደ ጎን እየገፉ መሄድ። ለዚያ የሚያጣብቀው ሰም አያስፈልግም።

ስኪ የሚለው ቃል በጥንት ኖርዌጂያኖች ቋንቋ የተፈለጠ እንጨት ማለት ነበር። ነገሩ የአውሮፓ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ደግሞ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ «ጃሚዑት ተዋሪኽ»ን የጻፈው የፋርሱ ሙስሊም የታሪክ ሊቅ ረሺዱዲን፣ በሞንጎሎች አካባቢ የሚኖሩ የጫካ ሰዎች ከእግራቸው ሥር ሳንቃ አድርገው፣ በእጃቸው ዘንግ ይዘው በበረዶ ላይ አውሬ እንደሚያሳድዱ ጽፏል። ሳንቃውን በስሙ፣ «ቻና» ብሎ ጠርቶታል። እሱ ጠይቆ ጻፈ፤ እኔ ሳልጠይቅ መለስኩ።

ክለቦቹ በክረምት የሚሠሩት ምንድን ነው? መጀመሪያ ነገር፣ ሥራው ከበረዶው በፊት ይጀምራል። በመስከረምና በጥቅምት ልጆቹ ይሮጣሉ፤ ዘንግ ይዘው ዳገት እየዘለሉ ይወጣሉ፤ ከፍ ያሉት በባለጎማ ስኪ ይለማመዳሉ። በረዶው ሲወርድ መኪና ሄዶ ጫካው ውስጥ ሁለት ትይዩ ቦዮች ያወጣል፤ ልጆቹ በዚያ ላይ ይሄዳሉ። ቀኑ አጭር ስለሆነ መንገዱ ብዙ ጊዜ መብራት አለው። ጀማሪዎች በመጀመሪያ ቀን ዘንግ አይሰጣቸውም፤ በአንድ እግር መቆምን ይማራሉ፤ ወድቆ መነሣትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አጫጭር ውድድር አለ፤ ወላጆች ትኩስ ነገር ይዘው ዳር ይቆማሉ።

በሚኒያፖሊስ ቴዎዶር ዊርዝ የሚባል ሰፊ መናፈሻ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የዓለም ዋንጫ ውድድር የተደረገው እዚያ ነበር። የዚያው ግዛት ልጅ የሆነችው፣ በ2018 ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው ጄሲ ዲጊንስም ተወዳድራለች። በዚያ ዓመት ሚኒሶታ ክረምቱ ሞቆ በረዶ ጠፍቶ ነበርና ውድድሩ የተካሄደው በአመዛኙ በማሽን በተሠራ በረዶ ላይ ነው። ስለዚህ በረዶ የሚቸግረው ሮቤልን ብቻ አይደለም።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ማን ይጠይቀኛል? አዴም ረስተውታል። ነገር ግን «ኡስታዙ አይሆንም ብሏል» የሚለው ቃል ሶላት ላይ ሳይቀር ይመጣብኝ ጀመር። አላህ ያላዘዘውን ክልከላ በሃይማኖት መምህርነቴ ስም ያሻገርኩ ያህል ተሰማኝ። ተነሥቼ ታይዋን ሄድኩ።

«አዴ፣ ባለፈው ስለ ስኪ የነገርኩሽ ልክ አልነበረም። ሳላውቅ ነው የተናገርኩት» አልኳቸው።

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ታዲያ ያኔ አላውቅም ብትል ሻርፑን እከለክልህ ነበር?» አሉኝ።

ምን ይመለሳል? ከዚያ በኢሞ ለአባትየው አስደወሉና ስልኩን ሰጡኝ። እሱም ዝም ብሎ የከለከለ ሰው አልነበረም፤ የሚያሳስቡት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ልብስ ነበር። በዚህ እንኳ ሁለታችንም ሳቅን፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲገባ ወንዱም ሴቱም ባርኔጣ፣ የአንገት መሸፈኛ፣ ጓንት ለብሶ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ከሥር ሒጃብ፣ ከላይ ሰፋ ያለ ሱሪና ጃኬት ስታደርግ የሚከለክላት የለም። ጥጥ ብቻ አይሆንም፤ ላብ ይዞ ያበርዳል።

ክብዱ ሶላቱ ነበር። በታኅሣሥ ወር ሚኒያፖሊስ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ልምምዱ ከትምህርት ቤት መልስ ስለሆነ መግሪብ መሀሉ ላይ ይገባል፤ መግሪብ ደግሞ ጊዜው ጠባብ ነው። ዐስርን ትምህርት ቤት ሰግዳ ትወጣለች፤ ለመግሪብ ግን አሠልጣኙን ማነጋገር ያስፈልጋል። «ልጅቷ ራሷ ትጠይቅ» አልኩት፤ ሄዶ የሚማጸንላት አባት ሁልጊዜ አይኖርምና። ጠየቀች። መሞቂያ ክፍሉ ጥግ ላይ አሥር ደቂቃ ተፈቀደላት። ዉዱእ በዚያ ብርድ እንዴት ይሆናል ላለው፣ ዉዱእ አድርጎ በተለበሰ ኹፍ ላይ ማበስ ለነዋሪ አንድ ቀንና ሌሊት እንደሚቻል የታወቀ ነው። ካልሲ ሲሆን ዓሊሞች ስለሚለያዩ እዚያው ያሉ መሻይኾችን እንዲጠይቅ ነገርኩት። በዚህ ጊዜ እንኳን ተምሬአለሁ። ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት ወደ ክረምታቸው እየገባ ነው፤ ስለ እሱ ገና አልተስማሙም። አባትየው በጾም ቀን ልምምድ የለም ይላል፤ ልጅቱ ቀለል ያለውን ልሥራ ትላለች። በዚህ እኔ አልገባም።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ተመዘገበች። አንድ ክረምት ግን አልፏል። ጓደኞቿ ዳገቱን ሲወጡ እሷ ከአሥር ዓመት ሕፃናት ጋር በአንድ እግር መቆም ትማራለች። ይህንን ስትነግረን አልተቆጣችም፤ ቢሆንም ነግራናለች።

አዴ የሚያሳስባቸው ሌላ ነው፤ እጇ። ሚኒሶታ የሚሄድ ሰው ተገኘ ሲባል ታይዋንን ከዳር እስከ ዳር ለጓንት አሰሱት። በድሬ ሙቀት ጓንት ማን ይሸጣል? በመጨረሻ ከአንድ የሞተር ሳይክል ዕቃ መሸጫ ጥቁር የቆዳ ጓንት አግኝተው ላኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በኢሞ አሳየችን። በጣም ስለሚወፍር ዘንጉን አያስጨብጣትም። ታናሽ ወንድሟ ወስዶታል፤ በረዶ ይጠርግበታል።