መሐንዲስ የሌለው ሥራ የማን ነው?

የአንድን ሥራ ታሪክ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ «ማን ሠራው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን መልስ ሲታጣለት «እንግዲያውስ ማንም አልሠራውም» ወደሚል ፍርድ ካደረሰ ጕዳት ያመጣል። በተለይም በጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች ፊርማና ማኅተም የሌለበትን ወረቀት እንደ ባዶ ወረቀት መቍጠር ስለ ለመድን፣ ከዚህ ስሕተት ለመጠበቅ ከሌላው ሰው የበለጠ መጣር አለብን። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ክርክር የሚነሣው በስኮትላንድ፣ በሴንት አንድሩስ ከተማ፣ በባሕር ዳር ከሚገኝ አንድ የጎልፍ መጫወቻ ሜዳ ነው። ስሙ ኦልድ ኮርስ፣ ማለት አሮጌው ሜዳ ይባላል። ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በአገራችን ይህን ጨዋታ ከሚያውቀው የማያውቀው ስለሚበዛ፣ ጥቂት ቃል እንድናስቀድም ይፈቀድልን። ጎልፍ ማለት ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ከመነሻው እስከ አንዲት ጠባብ ጉድጓድ ማድረስ ነው፤ ይህም ዐሥራ ስምንት ጊዜ ይደጋገማል። ጉድጓዲቱ የምትቈፈርበት፣ ሣሩ እጅግ አጥሮ የታጨደ ቦታ ግሪን ይባላል። ኳሱ ገብቶ ተጫዋቹን የሚያስቸግርበት የአሸዋ ጎድጓዳ ባንከር ይባላል። እነዚህን ሁሉ አስማምቶ የሚነድፍ ባለሙያ የሜዳ አርክቴክት ሲሆን፣ በዛሬው ዘመን ሙያው ትምህርትና ከፍ ያለ ደመወዝ ያለው ሆኗል።

ስለ አሮጌው ሜዳ ሲነገር «አርክቴክት የለውም፤ ተፈጥሮ ራሷ ሠራችው» የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህ አነጋገር ምስጋና ይመስላል። እኛ ግን ንጥቂያ ነው እንላለን። ምክንያቱም ሥራውን ከብዙ ሰዎች እጅ ነጥቆ ለነፋስ ይሰጣል፤ ለነፋስ የተሰጠውንም ነገር የፈለገው ሁሉ መልሶ ሊወስደው ይችላል።

እውነት ነው፣ አሸዋውን ከባሕር ያመጣ ነፋስ ነው። በጎችም ከብርዱ ለመሸሸግ ሲተኙበት የተቦረቦረው መሬት፣ ጥንቸሎችም የማሱት ጉድጓድ፣ የብዙዎቹ ባንከሮች መነሻ እንደ ሆነ ይነገራል። ነገር ግን በግና ጥንቸል የዳኝነት ወረቀት አይጽፉም። በ1552 ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን በዚያ መሬት ላይ ጥንቸል ለማርባት ፈቃድ ሲቀበሉ፣ የከተማው ሕዝብ ጎልፍ የመጫወትና ከብቱን የማሰማራት መብቱ እንደ ተጠበቀ እንዲኖር በጽሑፍ ጸንቷል። የሜዳው የመጀመሪያው መሠረት እንግዲህ የድንጋይ ሳይሆን የሕግ መሠረት ነው።

በ1764 ደግሞ የከተማው የጎልፍ ማኅበር የመጀመሪያዎቹን አራት ጉድጓዶች በጣም አጫጭር ሆነው ስላገኛቸው ወደ ሁለት አጠቃለላቸው። ጨዋታው በባሕር ዳር ሄዶ በዚያው መንገድ ይመለስ ስለ ነበረ፣ ሃያ ሁለት የነበረው ቍጥር ዐሥራ ስምንት ሆነ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የጎልፍ ሜዳ ዐሥራ ስምንት ጉድጓድ የሚኖረው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህን የወሰነ መሐንዲስ አይደለም፤ እየተጫወቱ ያስተዋሉ ሰዎች ናቸው።

በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ተጫዋቹ እየበዛ ሄደ። የሚሄደውና የሚመለሰው በአንዲት ጉድጓድ ላይ እየተገናኘ መጨቃጨቅ ሲጀምር፣ ግሪኖቹ ሰፉና በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ጉድጓድ ተቈፈረ። ዛሬም ሰባቱ ግሪኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ጉድጓድ ይይዛሉ፤ ሁለተኛው ከዐሥራ ስድስተኛው፣ ሦስተኛው ከዐሥራ አምስተኛው፣ እንዲሁ እያለ እስከ ስምንተኛውና ዐሥረኛው ድረስ ነው። የሁለቱን ቍጥር የደመረ ሰው ሁልጊዜ ዐሥራ ስምንት ያገኛል። ተማሪዎች በወረቀት ላይ ቢሞክሩት ደስ ይላቸዋል፤ ከመሄድና ከመመለስ የተገኘ ሒሳብ እንጂ የማንም ብልሃት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ስም ያላቸው ሠራተኞች ይመጣሉ። ከ1860ዎቹ ጀምሮ የሜዳው ጠባቂ የነበረው ቶም ሞሪስ አሸዋ እያለበሰ ሣሩን አጠነከረ፤ የመጀመሪያውንና የዐሥራ ስምንተኛውን ግሪን አዲስ አድርጎ ሠራ። ይህ ሰው ቀደም ሲል የኳስ ሠሪው የአላን ሮበርትሰን ረዳት ነበረ። ሮበርትሰን በላባ የተሞላውን የቆዳ ኳስ እየሰፋ ሲሸጥ፣ ከጉታ ፐርቻ ሙጫ የተሠራው ርካሽ ኳስ መጣና በዚህ ምክንያት ሁለቱ ተጣልተው ተለያዩ። ይህን የኳስ ጠብ አንባቢዎቻችን በልባቸው ያቈዩልን፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

ሜዳው ከጥፋት የዳነውም በሰው ነው። በ1797 የከተማው ምክር ቤት ዕዳ ስለ በዛበት መሬቱን ሸጠው፤ ገዢዎቹም ጥንቸል አርቢ ነጋዴዎች ሆኑ። ተጫዋቾቹ ለብዙ ዓመታት ከጥንቸል ጋርም ከነጋዴም ጋር ተሟገቱ። በ1821 ጄምስ ቺፕ የተባለ የአካባቢው ባለ ርስት ገዝቶ ለጎልፍ አቈየው። በ1894 በፓርላማ ሕግ ወደ ከተማው ተመለሰ፤ በ1974 ደግሞ በሌላ ሕግ የአደራ ቦርድ ተቋቋመለት። እሑድ እሑድ ጨዋታ ቀርቶ ሕዝቡ ከነልጆቹና ከነውሾቹ ይንሸራሸርበታል። ታላላቅ የጎልፍ ሜዳዎች በአጥርና በዘበኛ በሚጠበቁበት ዓለም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን። በኅዳር 2012 የአደራው ቦርድና የጨዋታው ሕግ አውጪ አር ኤንድ ኤ፣ በ2015 ለሚደረገው ታላቅ ውድድር ሜዳውን ለማክበድ በአርክቴክት ማርቲን ሆትሪ መሪነት ለውጥ እንደሚደረግ አስታወቁ። ብዙዎች ስለ ነገሩ የሰሙት መቈፈሪያው መኪና ሜዳው ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። በሁለተኛው ጉድጓድ አጠገብ ባንከሮች ተነሥተው ወደ ግሪኑ ተጠጉ፤ በሰባተኛው ላይ የነበረው ጐድጓዳ ተሞላ፤ በዐሥራ ሰባተኛው ላይ ያለው ዝነኛ ባንከር ሰፋ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን የዐሥራ አንደኛው ግሪን ነው። ከኋላው በግራ በኩል የነበረው ተዳፋት ተላገ።

ዐሥራ አንደኛው ተራ ቦታ አይደለም። በ1921 የአሜሪካው ወጣት ቦቢ ጆንስ በዚያ ተሸንፎ ኳሱን ከመሬት አንሥቶ ውድድሩን ተወ። ይህ ያፈረ ሰው በ1927 ተመልሶ በዚያው ሜዳ አሸነፈ፤ ከዚያም ሜዳውን በ1924 በካርታ ከነደፈው ከአሊስተር ማኬንዚ ጋር ሆኖ በአሜሪካ የኦገስታን ሜዳ ሠራ። ከእነሱ በፊትም በሴንት አንድሩስ የተማረው ቻርልስ ብሌር ማክዶናልድ የዐሥራ አንደኛውን አምሳያ ኒውዮርክ አጠገብ አቁሟል። መሐንዲስ የለውም የተባለው ግሪን የመሐንዲሶች መምህር ነበረ ማለት ነው።

ለውጡን የሚደግፉ ሰዎች አንድ ጠንካራ ነገር ይናገራሉ፤ ልንሸሽገው አይገባንም። «ሜዳው መቼ ሳይነካ ኖረና ነው? 1764ስ? ቶም ሞሪስስ? በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተጨመሩት ባንከሮችስ?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ተነክቷል። እኛም ሜዳው እንደ ታቦት ይቀመጥ አላልንም። ነገር ግን የቀድሞው ለውጥ በየቀኑ ከሚጫወተው ሕዝብ ችግር የመጣ ነው፤ ግሪኑ የሰፋው ሰው ከሰው ጋር ስለ ተጋፋ ነው። የ2012ቱ ለውጥ ግን በየአምስት ዓመቱ ገደማ ለአንድ ሳምንት ለሚመጡ ጥቂት ኀይለኞች ሲባል የተደረገ ነው። የሴንት አንድሩስ ሱቅ ጠባቂ ወይም አስተማሪ የሰባተኛው ጐድጓዳ ይሞላልኝ ብሎ አልከሰሰም።

ምክንያቱንም እንመርምር። ተዳፋቱ የተላገው ሣሩ ዛሬ እጅግ እያጠረ ስለሚታጨድ ኳሱ በዚያ ላይ አልቆም ብሎ፣ ጉድጓድ መቍረጥ ስላልተቻለ ነው ተባለ። ባንከሮቹም የተነሡት ዛሬ ኳስ ስለሚርቅ ነው። የማጨጃው መኪናና የኳሱ ፋብሪካ ያመጡትን ጣጣ መሬቱ ከፈለ ማለት ነው። ኳስ ከሠሪዎቹ ጋር ማጣላቱ ከሮበርትሰን ዘመን ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ግን የተጣሉት ሰዎቹ እንጂ ተዳፋቱ አልተቀጣም። ይግረማችሁና ያው አር ኤንድ ኤ በታኅሣሥ 2023 ከአሜሪካው አቻው ጋር ሆኖ የኳሱ ርቀት እንዲገደብ መወሰኑን አስታወቀ። ጥፋተኛው ኳሱ መሆኑን ለማመን ዐሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት። በመካከሉ ተከሳሹ ነጻ ወጥቶ ምስክሩ ታስሯል።

በ2012 ስማቸው የታወቀ የሜዳ አርክቴክቶች ለውጡን ተቃውመው ነበር፤ አልተሰሙም። «መሐንዲስ የለውም» የሚለው ምስጋና ጥቅም ላይ የዋለው በዚህ ጊዜ ነው። የማኬንዚን ወይም የሌላ ስመ ጥር ሰው ግሪን የሚልግ ሰው የሠሪውን ሐሳብ እንዴት እንደ ጠበቀ እንዲያስረዳ ይጠየቃል። የእረኞችን፣ የተጫዋቾችንና የጠባቂዎችን ግሪን የላገ ሰው ግን ማንን ያስፈቅዳል?

የኛ ጥያቄ ትንሽ ነው። ኳሱ ይገደባል ተብሎ ከተወሰነ ወዲያ የዐሥራ አንደኛው ተዳፋት ወደ ቀድሞው መልኩ ይመለስ፤ በዚያም ጥግ ጉድጓድ መቍረጥ የፈለገ ጠባቂ ሣሩን ጥቂት ያስረዝመው።