ሮም ነጥቤን በላችው!

ጥያቄ፦ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ፤ በሌላ ከተማ ኮሌጅ ታሪክ እማራለሁ። «የሮማውያን ሥልጣኔ» በሚባል ኮርስ ከ100ው 40ው የሚያዘው በጥናት ወረቀት ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ 28 ገጽ ጻፍኩ፤ መምህሩ 14 ሰጠኝ። 9 ገጽ የጻፈችው ጓደኛዬ 35 አገኘች! አባቴ ወይፈን ሸጦ ነው የላከኝ። አሁን ትምህርቱን ጥዬ አገሬ ልገባ አስቤያለሁ። ሰውዬው ጠልቶኝ ይሆን? ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባኝ፣ ከመካነ ሰላም

መልስ፦ ወንድማችን፣ አይዞህ! ከደብዳቤህ ጋር የላክልንን የወረቀትህን ቅጂ አይተነዋል። ጠልተውህ ነው ለማለት አንደፍርም። ወረቀትህ ከሮም ከተማ አመሠራረት ተነሥቶ፣ ቄሣርንና ኮሎሲየሙን አዳርሶ እስከ 476 እ.ኤ.አ. ይወርዳል። ግን ከየት እንዳገኘኸው አንድም ቦታ አልጠቀስክም፤ አንተ ያነሣኸው ጥያቄም የለበትም።

እናንተ አገር ጤፍ ገዢ ጆንያው ስለተለቀ ብቻ ብር አያወጣም፤ እጁን አስገብቶ ፍሬና ገለባውን ያያል። የጥናት ወረቀት አራሚም እንደዚያው ነው። ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ጥያቄህ ምንድን ነው? በዘመኑ ከነበሩ ሰዎች ምን ማስረጃ አመጣህ? ማስረጃውስ ምን አስባለህ?

ምሳሌ እንስጥህ። «የሮም ንግድ» ብትል ዓመት ጽፈህ አትጨርሰውም። «አዱሊስ ከሮም ግዛት ምን ትገዛ ነበር?» ብትል ግን መያዣ አገኘህ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሮም በምትገዛት ግብፅ የኖረ አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ንግድ የጻፈው መምሪያ አለ። ወደ አዱሊስ ጨርቅ፣ ብርጭቆና የብረት መጥረቢያ እንደሚገባ፣ የዝሆን ጥርስ እንደሚወጣ ይነግርሃል። የኢጣሊያ ወይን ጠጅ ግን ትንሽ ብቻ! ለምን ትንሽ? ማንስ ጠጣው? ጥናት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ከ3ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አክሱም በግሪክኛ ፊደል ያስቀረጸቻቸውን የወርቅ ሳንቲሞች ብትጨምርበት ደግሞ ሁለተኛ ምስክር ቆመልህ ማለት ነው። ይህ ለ9 ገጽ ይበቃል፤ 28 አያስፈልገውም።

መምህርህም ነጥቡ በምን በምን እንደሚከፋፈል አስቀድመው ካልነገሯችሁ ጥፋት አለባቸው። ወረቀትህን ይዘህ ሂድና «የቱ ጋ ስንት ቀነሱብኝ?» ብለህ በትሕትና ጠይቃቸው። መልሱ ካላረካህ የቅሬታ ጊዜው ሳያልፍ ለትምህርት ክፍሉ አመልክት። ለምረቃ የሚፈለገው 2.00 አማካይ ከሁሉም ኮርስ ተደምሮ የሚወጣ ነው፤ በአንዱ ተናዶ አገር መግባት ምን ይሉታል?

ለአባትህም እውነቱን ንገር። የወይፈኑ ዋጋ በአንድ ወረቀት አልጠፋም፤ የሚጠፋው ሻንጣህን የሸከፍክ ዕለት ነው።