የባሕር ማዕበል መብራት ሲሆን፣ ቂርያት ጋትን ምን አገባት?

በያፎ ወደብ፣ ማዕበል በሚመክተው የድንጋይ ግንብ ላይ 10 ተንሳፋፊዎች ተገጥመዋል። ማዕበሉ ሲመጣ ከፍ፣ ሲመለስ ዝቅ ይላሉ። ከዚያ የሚገኘው ግፊት በየብስ ላይ የተተከለውን ሞተር ያዞርና ኤሌክትሪክ ይወጣል። ኢኮ ዌቭ ፓወር የተባለው ኩባንያ ከፈረንሳዩ ኢዲኤፍ ጋር የሠራው ይህ ጣቢያ በ2023 ከአገሪቱ የመብራት መስመር ጋር ተገናኝቶ በ2024 መጨረሻ ተመርቋል።

ኃይሉ ገና ትንሽ ነው። አቅሙ 100 ኪሎዋት ሲሆን፣ ማዕበሉ ጥሩ በሆነ ሰዓት እንኳ 30 የማይሞሉ የኤሌክትሪክ ምጣዶችን በአንድ ጊዜ ቢያግል ነው። ይሁን እንጂ መንግሥት በ2030 ከመብራቱ 30 በመቶውን ከታዳሽ ምንጭ ለማግኘት ስለወሰነ፣ ዋናው ተስፋ ፀሐይ ቢሆንም ባሕሩም እየታየ ነው።

ባሕሩ ግን ባለቤት የሌለው ሜዳ አይደለም። በ2004 የወጣው የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ሕግ ከውሃው ጠርዝ 300 ሜትር ወደ የብስ፣ በሌላው በኩል ደግሞ እስከ አገሪቱ የባሕር ወሰን ድረስ ይሸፍናል። በዚያ ውስጥ መሥራት የፈለገ ሰው አስቀድሞ ይጠየቃል፦ የባሕሩ ወለል ይጎዳል ወይ? ዓሣውስ? የሕዝቡ መተላለፊያስ ይዘጋል ወይ? ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄው ነው። የያፎው ጣቢያ ድሮ በተሠራ ግንብ ላይ መገጠሙ ጉዳዩን አቅልሎታል፤ ባሕሩ መሀል አዲስ መሠረት መጣል አላስፈለገም።

ቂርያት ጋት ባሕር የላትም። ታዲያ ምን አገባት? የሚያገባት በአሠራሩ ነው። የፀሐይ ኃይል ማሳም ሆነ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ወይም እንደ ካርሜ ጋት ያለ አዲስ ሰፈር ሲታሰብ፣ የ1965ቱ የእቅድና የግንባታ ሕግ ሕዝቡ እቅዱን አይቶ እንዲቃወም በር ይከፍታል። ዕብራይስጡ "ሂትናግዱት" የሚለው ይህንን ነው። በእቅዱ እጎዳለሁ የሚል ባለጉዳይ፣ እቅዱ ለሕዝብ ከታወጀ በኋላ 60 ቀን አለው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ባህል ሽማግሌ ተነሥቶ ሲናገር ቃሉ ይሰማል። በዚህ ሕግ ግን የቃል አቤቱታ አይበቃም፤ ተቃውሞው በጽሑፍ፣ ምክንያቱ ተዘርዝሮ፣ እውነትነቱ በመሐላ ቃል ተረጋግጦ መቅረብ አለበት። ማስታወቂያው በዕብራይስጥ ጋዜጣ ወጥቶ፣ በቦታው ላይ ተለጥፎ፣ አንብቦ የሚነግር ሰው ከሌለ 60ው ቀን ዝም ብሎ ያልፋል። ከዚያ በኋላ በኢሪያ በር ቆሞ መጮህ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ነው።

ስለዚህ የሽማግሌዎቹ ሥራ የባሕር ምሕንድስና ማወቅ አይደለም። ዕብራይስጥ ከሚያነቡ ልጆች መካከል ማስታወቂያውን የሚከታተል አንድ ሰው መመደብ፣ ሲወጣም ሳይዘገዩ ከጠበቃ ጋር መምከር ይበቃል። የአገሩን ነገር የሚያውቀው ሽማግሌ፣ ወረቀቱን የሚያውቀው ወጣት ነው፤ 60ው ቀን ሁለቱንም ይፈልጋል።