የጕልበት ቅባትና የወንዛዬ ፍል ውሃ

በደቡብ ጎንደር በደራ ወረዳ የሚገኘው የወንዛዬ ፍል ውሃ ቁርጥማት ለጸናበት ሰው የታወቀ መጠጊያ ነው። ጕልበታቸው የታመመ አረጋውያን በዚያ ውሃ ገብተው ዕረፍት ያገኛሉ፤ ሙቀት የተኰማተረውን ጡንቻ ያፍታታልና።

ከዚህ ቀደም አንዲት ባልቴት ዘመዳችን ወደዚያ ሲወርዱ ከመድኃኒት ቤት የሕመም ቅባት ገዝተን ሰጠናቸው። እርሳቸውም ጕልበታቸውን በቅባቱ አሽተው ወዲያው ወደ ሙቁ ውሃ ገቡ። ቆዳቸው ተለብልቦ በተመለሱ ጊዜ፥ «ልጄ፥ ሁለቱ ቢረዳዱ ሕመሙ ቶሎ የሚለቀኝ መስሎኝ ነው» አሉን። ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም፤ ፊደል ቈጥረን ሳለ ከመድኃኒቱ ጋር ያለውን ወረቀት አንብበን ያላስረዳናቸው እኛ ነን። ስለዚህ ያን ጊዜ ልንነግራቸው ይገባን የነበረውን ዛሬ እንጽፋለን።

ቅባቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ሜንቶልና ሜቲል ሳሊሲሌት ያለበት ቆዳን በማቀዝቀዝና በማሞቅ የሕመሙን ስሜት ለጊዜው ይሸፍናል። ካፕሳይሲን የሚባለው በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ነገር ነው፤ መጀመሪያ ይፋጃል፥ በየቀኑ ሲቀቡት ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ሕመም አስተላላፊውን ነርቭ ያደክማል። ዳይክሎፌናክ ጄል ደግሞ ለጕልበትና ለእጅ መገጣጠሚያ ይረዳል። ወደ ደም የሚገባው ክኒኑ ሲዋጥ ከሚገባው 6 በመቶ ያህል ስለ ሆነ፥ ጨጓራን እንደ ክኒኑ አይጎዳም። 1 በመቶ የሆነው ጄል ለአንድ ጕልበት 4 ግራም፥ ለአንድ እጅ 2 ግራም፥ በቀን እስከ 4 ጊዜ ይቀባል። የዳሌ መገጣጠሚያ ግን ጥልቅ ስለ ሆነ ቅባት እምብዛም አይደርስበትም።

የተቀባ ሰው እጁን ይታጠብ፤ ቅባቱን ከዐይንና ከቍስል ያርቅ፤ በጨርቅ አጥብቆ አይጠቅልለው። ወደ ፍል ውሃ የሚገባም በዚያ ቀን ቅባቱን ይተው። ነፍሰ ጡር የሆነች፥ እንዲሁም የጨጓራ ቍስል ወይም የኵላሊት ሕመም ያለበት፥ አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ።

ቅባት ሕመምን ያስታግሣል እንጂ ያለቀውን ልስልስ አጥንት አይመልስም። መገጣጠሚያው በድንገት ቢያብጥና ቢግል፥ ትኵሳትም ቢጨመርበት፥ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

በየቤቱ ማንበብ የምትችሉ ልጆች ሆይ፤ ለአያቶቻችሁ መድኃኒቱን ስታቀብሉ ወረቀቱንም አንብቡላቸው።